መቅመቆ ሩባርብ ነው እንዴ?

ያዮ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ነው። ስሙ በዜና ሲነሣ ኖሯልና አይፈረድበትም። እኔን ግን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታው ነው፤ ዝናብ የመታው የቡና ቅጠል፣ የሚጨስ እርጥብ እንጨት፣ ከጓዳ የሚወጣ የማርና የኮረሪማ ሽታ። ታላቅ እህቴ በወጣትነቷ ለአስተማሪነት ተመድባ ሄዳ፣ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ወልዳ፣ እዚያው አርጅታለች። ባለቤቴ በሞት ሲለየኝ የአራት ዓመት ልጄን ወስዳ ሰባት ዓመት ያሳደገችልኝም እሷ ናት።

ያቺ ልጄ ዛሬ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ ነርስ ናት። ያዮን ካየች አሥራ ሁለት ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ሥራው፣ ከዚያ ደግሞ ልጆቹ አላላውስ አሏት። በ2017 ዓ.ም. የእኛና የእነሱ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ላይ በአንድ ቀን ሲገጥም፣ «እኔ ባልችል እሷ ትይልኝ» ብላ የአሥር ዓመት ልጇን ወደ አገር ቤት ከሚመጣ ዘመድ ጋር ላከችልኝ።

ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው። እህቴ ደግሞ የአስተማሪነት ዘመኗን እንግሊዝኛ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ረስታዋለች። በዚያ ላይ ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ወጥቶባቸዋል፤ የሰው ፊት ወደ ብርሃን አዙራ ካላየች አይለይላትም። አንዷ የማትናገር፣ አንዷ የማታይ። እኔን ከመንገዱ ይልቅ ያስጨነቀኝ ይሄ ነበር። አያት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጦ መጥቶ ማዕዘን ላይ ተቀምጦ ስልክ ሲነካካ ከማየት የባሰ ነገር የለም።

መንገዱስ ደስ ይላል። ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ በአውሮፕላን ሄድን፤ ከዚያ በመኪና አጋሮን አልፈን፣ ዴዴሳን ተሻግረን በደሌ ደረስን። ከበደሌ ወደ መቱ የሚወስደውን አስፋልት ስትይዙ አረንጓዴው እየጠቆረ ይመጣል። ያዮ ራሷ መንገዱን ተከትላ የተዘረጋች ትንሽ ከተማ ናት፤ ባጃጅ፣ የቡና መጋዘን፣ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከቤቶቹ ኋላ ደግሞ ወዲያው ዛፍ። ዛፉ ተራ ዛፍ አይደለም። የያዮ የቡና ደን ከከፋው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ሲሆን ስፋቱ ከ167 ሺህ ሄክታር ይበልጣል። የመካከለኛው ክፍል እንዳይነካ የተተወ ነው፤ በዙሪያው ገበሬው የደን ቡና የሚለቅምበት አለ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ደግሞ ሰው ቤት ሠርቶ የሚያርስበት ነው። ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው በራሱ በቅሎ ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይሄ ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራው፣ ከሥር ቡናው። የልጄ ልጅ ከመኪናው መስኮት አፍጥጣ፣ ቡናው ለምን ከሌሎች ዛፎች ሥር እንደ ተደበቀ ጠየቀችኝ። ፀሐይ እንደማይወድ ነገርኳት። «እንደ ሩባርብ!» አለችና መልሳ ዝም አለች። ያን ጊዜ ነገሩን አልያዝኩላትም።

የደረስነው በሕማማት ረቡዕ ነው። እህቴ በሩ ላይ ጠበቀችን። ልጅቷን በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻትና «እናቷን! ቁርጥ እናቷን!» አለች። ልጅቷ ግን ደነገጠች። ሁለት ቀን ሙሉ ከዳቦና ከእንቁላል በቀር የቀመሰችው የለም። ጾመኛ ቤት ውስጥ፣ ያውም በሕማማት፣ እንቁላል ሲጠበስ እህቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ማታ ማታ ግን እኔን ለብቻዬ «አንቺ፣ ይቺ ልጅ ምን ትወዳለች?» ትለኛለች። ልጅቷም በበኩሏ ለእናቷ በስልክ የምትለውን ሰማሁ። ለአኮ የሆነ ነገር ልትሠራላት ትፈልጋለች፤ ግን ምድጃው የኤሌክትሪክ አይደለም፣ ሩባርብም የለም። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ በዚያ ቤት ሕፃናቱ ሁሉ እህቴን የሚጠሯት እንዲህ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ከጎረቤት ልጆች ጋር ጓሮ ስትዞር ቆይታ እየሮጠች መጣች። «ሩባርብ! አያቴ፣ ሩባርብ አላችሁ!» እጄን ይዛ ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ወሰደችኝ። ቅጠሉ የሰፋ፣ ዘንጉ ቀላ ያለ ተክል አሳየችኝ። መቅመቆ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሩባርብ ጥቂት ልበል፤ በአዲስ አበባ አትክልት ተራ አይቼው አላውቅምና። ሩባርብ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሰፋ፣ ቅጠሉን የሚሸከመው ዘንግ ቀይ ወይም ሮዝ የሆነ፣ እጅግ የሚኮመጥጥ ተክል ነው። የሚበላው ዘንጉ ብቻ ነው። ቻይናዎች ለብዙ ዘመን የተጠቀሙት ለሆድ ማጽጃ መድኃኒትነት ሥሩን ነበር፤ ዘንጉ የማዕድ ጣፋጭ የሆነው ስኳር ረክሶ በየቤቱ ሲገባ ነው። በሊድስና በዌክፊልድ መካከል ያለውን አካባቢ እንግሊዞች «የሩባርብ ሦስት ማዕዘን» ይሉታል። ተክሉን ሁለት ዓመት ሜዳ ላይ ሳይቆርጡ ያሳድጉታል፤ ክረምት ሲገባ ነቅለው ጨለማና ሙቀት ያለው ትልቅ ጎተራ ውስጥ ይከቱታል። ብርሃን ፍለጋ ዘንጉ በፍጥነት ይመዘዛል፤ ለስላሳ ሆኖ ያድጋል። እንቡጡ ሲፈነዳ ድምፁ ይሰማል ይላሉ። የሚለቀመውም በሻማ ነው፤ ብርሃን ከበዛበት ይበላሻልና። የልጄን ልጅ ከትምህርት ቤቷ ወስደው አሳይተዋታል። ያ ሩባርብ በቦታው ስም ብቻ እንዲሸጥ የአውሮፓ ኅብረት ጥበቃ የሰጠው የያዮ ደን በተመዘገበበት በዚያው በ2010 እ.ኤ.አ. መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ግን ወደድኩት።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ተረጎምኩላት። በጨለማና በሻማ የሚለው ነገር ገረማት። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ የእኛስ ቡና ጥላ ካላገኘ መቼ ያምርበታል?» አለች። ልጅቷ ያለ ትርጉም ገባትና ሳቀች። በመኪናው ውስጥ ያለችው ነገር ለእኔም የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የልጅቷ ዓይን አላታለላትም። የዕፅዋት ሊቃውንት ሩባርብን፣ መቅመቆንና እረኛ ልጦ የሚያኝከውን እምቧጮ በአንድ ቤተሰብ ነው የሚመድቧቸው። ፈረንጆች ለመቅመቆ ካወጡለት ስሞች በአንዱ ውስጥ ራሱ ሩባርብ የሚል ቃል አለበት። ይሁን እንጂ እህቴ ዘንጉን ተቀበለች፣ በጥፍሯ ላጠችው፣ በምላሷ ጫፍ ነካችውና ተፋችው። ዓይኗ ቢደክምም ጓሮዋን በጣቷና በምላሷ ታውቀዋለች። «መቅመቆ ሥሩ ነው የሚፈለገው» አለች። «እረኛ አንድ ሁለት ቢያኝክ ምንም አይል። እኔ ግን ድስት ሙሉ ቀቅዬ ለሰው ልጅ አላበላም።»

ልጅቷ አኮረፈች፤ እኔ ግን የእህቴን ፍርድ ወደድኩት፤ ወላጆችም ልብ እንድትሉት እፈልጋለሁ። የእነዚህ ተክሎች ኮምጣጣነት በከፊል ኦክሳሊክ አሲድ ከሚባል ነገር የሚመጣ ነው፤ ሲበዛ ለኩላሊት አይበጅም። የሩባርብ ቅጠል በራሱ አገር እንኳ መርዝ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ውስጥ አትክልት ሲጠፋ ቅጠሉም ይበላል ተብሎ ተመክሮ ሰው ተመርዟል። ዘመዳሞች ናቸውና እንደ ልባችን እንተካካቸው ማለት አይቻልም። ልጆቻችሁ ከጓሮ የሆነ ነገር ቆርጠው ቢያመጡ፣ መጀመሪያ ቦታውን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ጠይቁ።

«የምትፈልገው የሚኮመጥጥ ከሆነ ማንጎው አለ አይደል?» አለች እህቴ። ጓሮው ውስጥ ያለው ማንጎ ገና ጥሬ ነበር፤ ጠንካራ፣ አረንጓዴ፣ ጥርስ የሚያጠርስ። ልጅቷ ነክሳ ፊቷን አጨማደደችና «ይሆናል» አለች። በአማርኛ።

ቅዳሜ ቤቱ የፋሲካ ሥራ ሆነ። እናንተም ቤት እንዲሁ ነው፤ ዶሮው፣ ሽንኩርቱ፣ ቅቤው። የጎደለ ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ሄጄ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆየሁ። ስመለስ ጓዳ ውስጥ ሁለት ድምፅ ይሰማል። እህቴ ቅቤ እያነጠረች ነው። ልጅቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የተወቀጠውን የመቅመቆ ሥር በማንኪያ ታቀብላታለች። መቅመቆ ቅቤውን ያቀላዋል፤ ያን የወርቅ መልክ የሚሰጠው እሱ ነው። «ጨምሪ» ትላለች እህቴ። «በቃ?» ትላለች ልጅቷ። «ትንሽ።» «አሁን ቢጫ ሆነ።» «እንደ ምን?» «እንደ... እንደ እንቁላል።» በር ላይ ቆሜ ሰማኋቸው፤ አልገባሁም። አስተርጓሚ ሲጠፋ አማርኛው ከየት እንደመጣ እንጃ።

እህቴ አንድ ብርጭቆ ቅቤ መቅመቆና ኮረሪማ ብቻ ገብቶበት ለይታ አስቀመጠች። በቀረው ላይ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ አብሹን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጨመረች። ለምን እንደለየችው ስጠይቃት «ለእሷ ዳቦ ነዋ፤ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ቅቤ ከማር ጋር ይበላል?» አለች። ለካ መቅመቆው በዚህ በኩል ድስቱ ውስጥ ሊገባ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። በቅዳም ስዑር ወጥ የሚሠራ ጾመኛ የሚሠራውን አይቀምስም፤ በሽታውና በልማዱ ነው የሚገምተው። እህቴ ድሮ ዓይኗ ያግዛት ነበር፤ የወጡን መልክ አይታ ታውቃለች። አሁን መልኩም አይታያትም። ስለዚህ ያልጾመችው ልጅ ቀማሽ ሆነች። «ቅመሺልኝ፤ ጨው አነሰው?» ሁለት ቀን እንቁላል ብቻ የበላችው ልጅ በዚያን ቀን የዶሮ ወጥ መረቅ በማንኪያ እየጨለፈች አንድ ጭልፋ ሙሉ ጨረሰች። «ትንሽ ጨው» አለች በመጨረሻ፤ እውነቷንም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደፎ ዳቦው ተጋገረ። ለከተማ ልጆቻችን ማሳየት የሚገባን ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጣል፣ በኮባ ይሸፈናል፣ ይከደናል። ከክዳኑ ላይ ቆርቆሮ ተደርጎ ፍም ይጫንበታል። እሳት ከታች፣ እሳት ከላይ። ልጅቷ ዙሪያውን ስትዞር ቆይታ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለችኝ። በቤታቸው ያለው ምድጃም ከላይና ከታች እንደሚያሞቅ፣ ይሄ ያንኑ እንደሚሠራ ነው ያለችው። ጭንቀቷ ያኔ ለቀቃት።

ደፎው ወጥቶ፣ ፍሙ ግማሽ በግማሽ ሲበርድ የእሷ ተራ ደረሰ። እነሱ አገር ከሥር ኮምጣጣ ፍሬ፣ ከላይ ዱቄት በቅቤና በስኳር የታሸ ፍርፋሪ አድርገው ይጋግሩታል። እንግሊዞች ክራምብል ይሉታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቅቤና ስኳር በራሽን ሲታደሉ የተስፋፋ የቆጣቢ ምግብ ነው ይባላል። አሜሪካኖች ፍርፋሪው ላይ አጃ ጨምረው ክሪስፕ ይሉታል። እኛም ከአዲስ አበባ ጠፍጣፋውን አጃ ይዘን ስለሄድን የእኛው ክሪስፕ ሳይሆን አልቀረም።

አሠራሩን ለሚፈልግ፣ መለኪያው የሻይ ብርጭቆ ነው። ስድስት ጥሬ ማንጎ ተልጦ በቀጭኑ ተቆረጠ። ጥሬ ማንጎ ቶሎ አይበስልምና ከግማሽ ብርጭቆ ማርና ከጥቂት ውኃ ጋር አሥር ደቂቃ ያህል ለብ ለብ አደረግነው። ማሩ የያዮ ነጭ ማር ነው፤ ንቦቹ ከገተማ ዛፍ አበባ የሚሠሩት። ሌላ ማርም ይሆናል፣ ስኳርም ይሆናል። ለላዩ ሁለት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ አጃ፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ ቆንጥር ጨው፣ ከዚያም ያ ተለይቶ የተቀመጠው ቅቤ ከበረደና ከረጋ በኋላ ሁለት ሦስተኛ ብርጭቆ ያህል። ቅቤውን በጣት ጫፍ ከዱቄቱ ጋር ማሸት ነው፤ እንደ ሊጥ አይታሽም፣ ፍርፋሪ ሲሆን ይተዋል። ይህ ሥራ የልጆች ነው፤ ከአምስት ዓመት ጀምሮ ማንም ልጅ ይችለዋል፤ ፊታቸው ዱቄት ቢሆን ምን ገዷችሁ። ሁለቱ፣ ልጅቷና እህቴ፣ በአንድ ሳህን ውስጥ አራት እጃቸውን ከተው ሲያሹ ነበር። እህቴ ለዚህ ዓይን አያስፈልጋትም።

ማንጎውን በወፍራም የብረት ድስት ከሥር፣ ፍርፋሪውን ሳይጫን ከላይ፣ ከዚያ ክዳንና ፍም። ከላይ ያለው ፍም ከታችኛው ይብዛ፤ ካልሆነ ሥሩ አርሮ ላዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ያለፈ ይመስለኛል፣ ዳር ዳሩ እየፈላ መውጣት ሲጀምር አወረድነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላችሁ 180 ዲግሪ ላይ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። በጾም ከሆነ ቅቤው ቀርቶ ዘይት ይሆናል፤ ፍርፋሪው ግን ትንሽ ይደርቃል። የበሰለ ማንጎ ከተጠቀማችሁ ማሩን በግማሽ ቀንሱና ሎሚ ጨምቁበት። ኮረሪማውን እንዳትተዉት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ። እህቴ ጎረቤቶቿ ግማሾቹ ሙስሊሞች፣ ከቀሩት ውስጥም ፕሮቴስታንቶች አሉ፤ ያዮ እንዲህ ናት፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ያለበት ቤት ብዙ ነው። በዓል ሲሆን ይጠያየቃሉ፣ ሥጋው ግን ይለያያል። የክርስቲያኑን ዶሮ ሙስሊሙ አይበላም፣ የሙስሊሙን ክርስቲያኑ አይበላም። እንግዳ ሲመጣ የሚቀርበው እንግዲህ ዳቦ፣ ቆሎና ቡና ነው። በዚያን ቀን የልጅቷ ድስት መሀል ላይ ተቀመጠ፤ ሁሉም የሚበላው ነገር ሆነ። ከፊት ለፊት ያሉት እናት ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፤ ስሙን ሲጠይቁ «ክራምብል» አለቻቸው። የሰፈሩ ልጆች ግን አልተቀበሏትም። «የማንጎ ዳቦ» ብለው ስም አወጡለት። ልጅቷ ጥቂት ተከራከረችና በመጨረሻ ተስማማች። ለእኔ ትንሽ ጣፈጠኝ፤ ቀጥሎ ስሠራው ማሩን እቀንሳለሁ።

የመጣሁበት ሌላ ጉዳይ የእህቴ ዓይን ነበር። ሞራ ዛሬ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነገር ነው፤ ጅማ ድረስ ብቻ ነው መንገዱ። ሁለት ዓመት ለምኛታለሁ። መልሷ ሁልጊዜ «ቡናው ተለቅሞ ይለቅ» ነው፤ ተለቅሞ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ነገር አይጠፋም። በዚያን ማታ ልጅቷ ከአጠገቧ ተቀምጣ «አኮ፣ ዓይንሽ መቼ ነው የሚድነው?» አለቻት። «ቡና ሲለቀም፣ ልጄ።» «መቼ ነው?» «ጥቅምት።» ልጅቷ በጣቷ ቆጠረች። «ስድስት ወር! እኔ ቶሎ ነው የምመጣው። የሠራሁትን እንድታይ ነው የምፈልገው።» እህቴ ምንም አላለችም። ሰኞ ጠዋት ቡና እየቀዳች «ከክረምቱ በፊት ከሆነ ማን ይወስደኛል?» አለችኝ። እኔ እወስድሻለሁ አልኳት፤ ግንቦት ላይ ቀን ቆረጥን።

ከመነሣታችን በፊት ልጄ በቪዲዮ ደወለች። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። እህቴን አየች፣ የተረፈውን ድስት አየች፣ ልጇ ያለማቋረጥ የምታወራውን አማርኛ ሰማችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ስለ ጣፋጩም ስለ ፋሲካውም ሳይሆን አንድ ነገር ጠየቀች፤ ያ መቅመቆ አሁንም ከጉድጓዱ አጠገብ አለ ወይ? እሷ በልጅነቷ ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ትይዘው ነበር። ውጭ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ልጅቷ ስልኩን በነጠላዬ ጠቅልላ ወደ ጓሮ ሮጠች።